ክብ አፍንጫ ብቻውን አይበቃም
ለከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ የአረር መቅረጫ ስለ መምረጥ የቀረበ ትችት

ባለፈው የትምህርት ዘመን በተማሪዎች የውይይት ጉባኤ ላይ ስለ መኪናዎችና ስለ መሣሪያዎች አሠራር አጭር ንግግር አድርገን ነበር። በዚያ ንግግራችን ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥን በምሳሌነት አንሥተን፣ ከብዙ መመሪያ መጻሕፍት ያገኘነውን አንድ አባባል እንደ ተረጋገጠ ሕግ አድርገን አቀረብን። አባባሉም በአጭሩ፣ አፍንጫው ክብ የሆነውን አረር ሽጉጥ ሁሉ ይጎርሰዋል፤ ሌላው ቅርጽ ግን ይነክሳል የሚል ነው። ንግግራችን እንዳበቃ ከመምህሮቻችን አንዱ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ክብ የምትሉት ክብነቱ ስንት ነው? ከየት እስከ የትስ ይለካል?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ጉባኤውም በዝምታችን ተዘጋ።

ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሳችን ነው። ነገሩ ስለ አንድ ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ቢመስልም፣ ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ግን ሰፊ ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር በስሙ ማወቅና በልኩ ማወቅ አንድ ናቸውን? የሚል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ፍጻሜው እንደምናሳየው፣ በስም ብቻ የመረጠ ሰው የሚያጣው ጥቂት ጥይት ብቻ አይደለም፤ እጁና ዓይኑም በአደጋ ላይ ናቸው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንወስን። ጥይት የምንለው ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን በአንድነት ነው። አረር ከአፈ ሙዙ ወጥቶ የሚሄደው ክፍል ነው። የአረር መቅረጫ የምንለው ደግሞ ከብረት፣ ከነሐስ ወይም ከአልሙኒየም በሁለት ግማሽ የተሠራ፣ ግማሾቹ ሲገጥሙ በመካከላቸው የአረሩን መልክ የያዘ ጉድጓድ ያለው፣ የቀለጠ እርሳስ የሚፈስበት መሣሪያ ነው። ነገሩ በተለይ የአሜሪካ ተኳሾች ጉዳይ ነው። በዚያ አገር የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ መሙላትና አረሩን በቤት ማፍሰስ በሕግ የተፈቀደና የቆየ የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ ስለ መቅረጫ የተጻፈውም ከሌላው ይልቅ በዚያ ይበዛል። እኛ ተኳሾች አይደለንም፤ የምንናገረው ከመጻሕፍት፣ ከንድፍ ሥዕሎችና ከታተሙ ልኮች ተነሥተን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሚተቸው ሐሳብና ጥንካሬው

ትችት ከመሰንዘር አስቀድሞ የሚተቸውን ሐሳብ በጥሩ ጎኑ ማቅረብ ተገቢ ነው። የክብ አፍንጫ ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ባለ .45 ካሊበር የኮልት ሽጉጥ በ1905 ለገበያ ቀረበ፤ ተሻሽሎም በ1911 የአሜሪካ ሠራዊት መሣሪያ ሆነ። ሠራዊቱ የተጠቀመበት አረር ክብደቱ 230 ግሬን፣ ማለት 15 ግራም ያህል ሲሆን፣ በመዳብ ቅይጥ ልባስ የተሸፈነ፣ አፍንጫውም ክብ ነበር። ይህ ሽጉጥ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ይህን አረር እየጎረሰ አገልግሏል። ክብ አፍንጫ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመውን ጠርዝ የሚነክስ ሹል ትከሻ ስለሌለው፣ የካዝናው ከንፈር ጥቂት ቢጣመምም፣ መወጣጫው ቢቆሽሽም፣ ብዙውን ጊዜ ተንሸራቶ ያልፋል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን።

የማንቀበለው ግን ከዚህ የሚወሰደውን መደምደሚያ ነው። የብራውኒንግ ሽጉጥ ያን አረር የሚጎርሰው አረሩ ክብ ስለሆነ ብቻ ነውን? ወይስ ሽጉጡም፣ ካዝናውም፣ ጥይቱም አብረው ስለ ተለኩ? ሐሳቡን የሚያስተጋቡ ሰዎች ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቁ የመጀመሪያውን መልስ ይዘው ሄደዋል። እኛም ከእነርሱ አንዱ ነበርን።

፪. ሽጉጥ እንዴት ይጎርሳል?

በአማርኛችን መሣሪያ ጥይት ጎረሰ እንላለን። ቃሉ ከገበታ የመጣ ነው፤ ለነገሩም የሚስማማ ነው። ጉርሻ የሚዋጠው በመልኩ ማማር ሳይሆን በመጠኑና በአቀራረቡ ነውና። የሽጉጡን ጉርሻ በአራት እርምጃ ከፍለን እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ ጥይቱ በካዝናው ከንፈሮች ተይዞ አፍንጫው ጥቂት ቀና ብሎ ይቆያል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ነው። ከመጠን በላይ ቢረዝም በካዝናው ውስጥ ይታፈናል፤ ቢያጥር ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሲገፋም አፍንጫው ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ተንሸራታቹ ክፍል ወደ ፊት ሲመለስ የቀለሁን ቂጥ ይገፋል፤ የአረሩም አፍንጫ መወጣጫውን ይመታል። እዚህ የሚወስነው አፍንጫው መወጣጫውን የሚመታበት ከፍታ ነው፤ ይህም በርዝመቱና በአፍንጫው ጫፍ ስፋት የሚገኝ ነው። ሦስተኛ፣ ጥይቱ ወደ ላይ ተወርውሮ አፍንጫው የጥይት ቤቱን ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያም ይቃናል፤ በዚሁ ጊዜ የቀለሁ ከንፈር ከቀለህ አውጪው ጥፍር ሥር ይገባል። አራተኛ፣ ጥይቱ ወደ ቤቱ ይገባና የቀለሁ አፍ በቤቱ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይቆማል። በዚህ የመጨረሻ እርምጃ የአፍንጫው ጫፍ ምንም ሥራ የለውም። የሚወስነው፣ ከቀለሁ አፍ ውጪ የቀረው የአረሩ ሙሉ ውፍረት ያለው ክፍል ምን ያህል ይረዝማል? የበርሜሉን ጥምዝ ቦይ መጀመሪያ ይነካልን ወይስ አይነካም? የሚለው ነው።

እንግዲህ ከአራቱ እርምጃዎች የአፍንጫው ክብነት በቀጥታ የሚረዳው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። በአንደኛው ርዝመት፣ በአራተኛው የትከሻ ስፋትና ርዝመት ይገዛሉ። አራት በር ያለውን ቤት በሁለት ቁልፍ እንከፍታለን ማለት አይቻልም።

፫. ከሉገር ታሪክ የሚገኝ ማስረጃ

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ጀርመን ውስጥ ጌዎርግ ሉገር የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤሉም የሚባለውን ጥይት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ አዘጋጀ። ሽጉጡን ከነጥይቱ የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ የምድር ጦሩም በ1908 ተቀበሉት። የዚህ ጥይት የመጀመሪያ አረር አፍንጫው ክብ አልነበረም። አናቱ የተቆረጠ ሾጣጣ ነበር፤ ማለት ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ የሆነ ሾጣጣ። አፍንጫው ክብ የሆነው አረር በጀርመን ሠራዊት ቦታውን የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሁለት ታላላቅ ሠራዊቶች ክብ ያልሆነ አረር በሚጎርስ ሽጉጥ ታጥቀው ነበር።

ክብ አፍንጫ ያለው ብቻ ይጎርሳል የሚለው ቃል እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሽጉጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነከሰ ነበር። እንዲህ አልሆነም። ሉገር ሽጉጡንና አረሩን አብሮ ስለ ነደፈ ሾጣጣው ጠርዝ መወጣጫውን በሚገባው ቦታ ይመታ ነበር። ስለዚህ የብራውኒንግ ክብ አረርና የሉገር ሾጣጣ አረር በመልክ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ለየሽጉጣቸው የተለኩ ናቸው።

፬. አንድ ስም ያላቸው ሁለት አረሮች

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ ባለ ትከሻ ከሚባሉት አረሮች ዘንድ እናገኛለን። የእነዚህ አረሮች አፍንጫ ከአካላቸው ቀጠን ብሎ ይወጣል፤ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ አፍንጫው ከአካሉ በሚገናኝበትም ስፍራ ሹል ትከሻ አለ። ትከሻው በወረቀት ዒላማ ላይ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ስለሚቆርጥ የዒላማ ተኳሾች ይወዱታል። የክብ አፍንጫ ወገኖች ግን በጅምላ፣ ባለ ትከሻ ለአውቶማቲክ አይሆንም ይላሉ።

በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ታዋቂ ንድፎችን እናነጻጽር። አንደኛው ኤልመር ኪት የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊና ተኳሽ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለ.44 ስፔሻል የነደፈው ነው። የኪት አረር ለሪቮልቨር የተሠራ ነው። በሪቮልቨር ጥይቱን ወደየቤቱ የሚያስገባው የሰው እጅ ስለሆነ፣ መወጣጫም ካዝናም የለም። ስለዚህ ኪት ከቀለሁ አፍ ፊት ሙሉ ውፍረት ያለው ሰፊ ቀለበት ቢተው ምንም አላስቸገረውም፤ እንዲያውም አረሩን ከበርሜሉ ጋር ለማቃናት ረዳው። ሁለተኛው ሄንስሊና ጊብስ የተባሉት መቅረጫ ሠሪዎች ለ.45 አውቶማቲክ ያወጡት ቁጥር 68 ሲሆን፣ ክብደቱ 200 ግሬን ነው። የቁጥር 68 አፍንጫ ረዥም ነው። በተለመደው ጥልቀት ሲተከል የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት 31.75 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለዚህ ጥይት የተወሰነው ከፍተኛ ርዝመት ደግሞ 32.39 ሚሊ ሜትር ነው። ከቀለሁ አፍ ውጪ የሚቀረው ትከሻ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የአፍንጫው ጠፍጣፋ ጠርዝ የሚያርፈው፣ የሠራዊቱ ክብ አረር ጉብታ መወጣጫውንና ጣሪያውን በሚነካበት አካባቢ ነው። ስለዚህም ብዙ የዒላማ ተኳሾች ለረዥም ዘመን መርጠውታል፤ ሌሎች ሠሪዎችም እስከ ዛሬ ይቀዱታል።

አሁን እንጠይቅ። ኪትም ቁጥር 68ም ባለ ትከሻ ይባላሉ። የኪትን ዓይነት ሰፊ የፊት ቀለበት ለአውቶማቲክ ሽጉጥ በተሠራ አረር ላይ ብናደርግ፣ ቀለበቱ ጥምዝ ቦዩን ይገጥምና ተንሸራታቹ ክፍል ሳይዘጋ ይቀራል። ቁጥር 68 ግን ይገባል። ስሙ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት ነው። ታዲያ ስሙ ምን አስተማረን? ምንም። ያስተማረን ከትከሻው እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለው ልክ፣ ከቀለሁም አፍ እስከ ትከሻው ያለው ልክ ነው።

፭. ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ይህን ልክ ፈላጊው ከየት ያገኘዋል? ብዙውን ጊዜ የሚያየው በመቅረጫው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው። የላይማን ኩባንያ ቁጥር 452374 ብንወስድ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአረሩን ውፍረት በኢንች ሺኛ ይነግሩናል፤ 0.452 ኢንች ማለት 11.48 ሚሊ ሜትር ነው። የቀሩት ሦስቱ የንድፉ መዝገብ ቁጥር ብቻ ናቸው። አረሩ 225 ግሬን የሚመዝን ባለ ክብ አፍንጫ መሆኑን የሚያውቅ፣ መዝገቡን ያነበበ ሰው ነው። የሊ ኩባንያ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። 356-125-2አር የሚለው፣ ውፍረቱ 0.356 ኢንች ወይም 9.04 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 125 ግሬን፣ የአፍንጫውም ጉብታ የተሳለበት የክበብ ራዲየስ የውፍረቱ ሁለት እጥፍ መሆኑን ያመለክታል።

እዚህ ላይ ለመምህራችን ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ አገኘን። ክብ የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ራዲየሱ የውፍረቱ አንድ እጥፍ የሆነ አረርም ክብ ነው፤ ሁለት እጥፍ የሆነም ክብ ነው። የመጀመሪያው ደንደን ያለ፣ ሙሉ ውፍረቱን እስከ ጫፉ አጠገብ የሚሸከም ነው፤ ሁለተኛው ሾለል ያለና ረዘም ያለ ነው። ሁለቱ በአንድ ርዝመት ቢተከሉ፣ የመጀመሪያው ጥምዝ ቦዩን ሊነካ፣ ሁለተኛው ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «ክብ ይጎርሳል» ብሎ መናገር «ረዥም ሰው በበሩ አያልፍም» እንደማለት ነው፤ የሰውየውም የበሩም ቁመት ሳይነገር ንግግሩ እውነትም ሐሰትም ሊሆን አይችልም።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከአሮጌው ማተሚያ ክፍል የቀረ የእርሳስ ፊደል ሳጥን ነበር። የፊደሉ ማዕድን እርሳስ፣ አንቲሞንና ቆርቆሮ ነው፤ አረር አፍሳሾችም የሚጠቀሙት እነዚህኑ ሦስቱን ነው፤ የሊኖታይፕ እርሳስም በእነርሱ ዘንድ የታወቀ ጥሬ ዕቃ ነው። አንድ ቀን ከልዩ ልዩ ሳጥን ፊደል ለቅመን አንድ መስመር አሰናዳን። እያንዳንዱ ፊደል ሲታይ ያማረ ነበር። በወረቀት ላይ ስናትመው ግን አንዱ ወረቀቱን ቀደደ፤ ሌላው ጭራሽ አልታየም። ቁመታቸው እኩል አልነበረምና። አሠሪያችን የነበሩት ሽማግሌ፣ «ልጆቼ፣ ፊደል ከፊቱ በፊት ቁመቱ ይታያል» አሉን። ያን ጊዜ ቃሉ ስለ ማተሚያ ብቻ መስሎን ነበር።

፮. ስለ ማለስለስና ስለ ማጠንከር

በሌላው ወገን ደግሞ፣ ቅርጽ ምንም አይደለም፤ መወጣጫው እንደ መስተዋት ቢለሰልስ፣ አረሩም ቢጠነክር ሽጉጥ ሁሉን ይጎርሳል የሚሉ አሉ። ይህም በከፊል እውነት፣ በከፊል ስሕተት ነው።

መወጣጫን ማለስለስ ሰበቃን ይቀንሳል፤ የተሳሳተ ርዝመትን ግን አያርምም። ከዚህም በላይ፣ በ1911ዱ ሽጉጥ በአካሉ መወጣጫና በበርሜሉ አፍ መካከል 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። የማያውቅ ሰው እያለሰለሰ ይህን ክፍተት ቢያጠፋው ጥይቱ በበርሜሉ ጠርዝ ይደናቀፋል። የበርሜሉን አፍ ከልክ በላይ ቢያሰፋው ደግሞ የቀለሁ ታችኛ ክፍል ድጋፍ ያጣል፤ በሚተኮስበት ጊዜም ሊፈነዳ ይችላል። ለአንድ የተሳሳተ መቅረጫ ብሎ ደኅናውን ሽጉጥ ማበላሸት፣ ለጫማው ብሎ እግርን እንደ መቁረጥ ነው።

ስለ ጥንካሬም እንዲሁ። ላይማን ቁጥር 2 የሚባለው የታወቀ ቅይጥ 90 ከመቶ እርሳስ፣ 5 ከመቶ ቆርቆሮና 5 ከመቶ አንቲሞን ነው። የሊኖታይፕ ቅይጥ አንቲሞኑ 12 ከመቶ ያህል ስለሆነ ከዚህ ይጠነክራል። ጠንካራ አፍንጫ መወጣጫውን ሲመታ እንደማይጎዳ እሙን ነው። ነገር ግን አንቲሞን የበዛበት ቅይጥ ሲቀዘቅዝ የሚሸማቀቀው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ያው መቅረጫ ወፈር ያለ አረር ይሰጣል፤ ልዩነቱም ሁለትና ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በጠባብ የጥይት ቤት ይህ ልዩነት በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለ ልዩነት ነው። በዘመናችን ብዙዎች የሚያደርጉት አረሩን በዱቄት ቀለም ለብጦ በምድጃ ማድረቅም እንደዚሁ ነው፤ ልባሱ አካሉንም አፍንጫውንም ስለሚያወፍር፣ ሳይለበጥ የገባው አረር ከተለበጠ በኋላ ላይገባ ይችላል። እንግዲህ ጥንካሬ የልክን ጥያቄ አያስቀርም፤ እንደገና ያስነሣዋል እንጂ።

፯. የ9 ሚሊ ሜትር ችግርና አደጋው

እስካሁን የተናገርነው ስለ መንከስ ነው። የነከሰ ሽጉጥ ያናድዳል፤ ለሕይወቱ በሽጉጡ ለሚተማመን ሰውም ከመናደድ የሚብስ ነገር ያመጣል። ይሁን እንጂ ከመንከስ የሚከፋ ሌላ ነገር አለ፤ በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ላይ ጎልቶ ይታያል።

የዚህ ጥይት ቀለህ 19.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የጥይቱ ከፍተኛ ጠቅላላ ርዝመት 29.69 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከቀለሁ ውጪ ሊታይ የሚችለው አረር ከ10.54 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በርሜሎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ቼኩ ሲዜድ 75 ያሉ አንዳንድ ሽጉጦች ጥምዝ ቦያቸው ከጥይት ቤቱ እንዳለቀ ወዲያው ይጀምራል። ለእነዚህ የተመረጠው አረር ደንደን ያለ ከሆነ፣ ሽጉጡ እንዲዘጋ ሲባል አረሩ ወደ ቀለሁ ጠልቆ መተከል አለበት። በዚህ ትንሽ ቀለህ ውስጥ ደግሞ ለባሩዱ ያለው ስፍራ ጥቂት ስለሆነ፣ አረሩ በጠለቀ ቁጥር ስፍራው ይጠባል፤ ባሩዱ ሳይጨመር የጋዙ ግፊት ይጨምራል።

ሁለተኛውና የተደበቀው አደጋ ይህ ነው። በቀለሁ አፍ በደንብ ያልተያዘ አረር መወጣጫውን በመታ ቁጥር ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። ሽጉጡ ነክሶ ያንኑ ጥይት ደግመን ብናጎርሰው፣ ሁለተኛው ምት የባሰ ይገፋዋል። ተኳሹ ጥይቱ በመጨረሻ ስለ ገባለት ይደሰታል፤ የገባለት ግን እርሱ የለካው ጥይት አይደለም፤ ግፊቱ ያልታወቀ ሌላ ጥይት ነው። ክብ አፍንጫ ይጎርሳል የሚለው ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በዚህ ላይ ነው። ጎረሰ ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጥይቱ ወደ ቤቱ ሲገባ ከካዝናው በወጣበት ልክ መግባቱ መረጋገጥ አለበት።

፰. የምናቀርበው የአመራረጥ ሥርዓት

መተቸት ብቻ በቂ ስላልሆነ በቦታው የምናቆመውን እናቅርብ። የምንለው በአጭሩ፣ መቅረጫ ከመመረጡ በፊት ሽጉጡ ይለካ የሚል ነው።

በመጀመሪያ፣ ሽጉጡ ያለ ችግር የሚጎርሰውን አንድ የፋብሪካ ጥይት ወስዶ ጠቅላላ ርዝመቱን በካሊፐር መለካት ይገባል። ከዚህ ላይ የቀለሁ ርዝመት ሲቀነስ፣ ከቀለሁ ውጪ የሚፈለገው የአፍንጫ ርዝመት ይገኛል። ለምሳሌ የ.45 ቀለህ 22.81 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቅላላው 31.75 እንዲሆን ከተፈለገ፣ ከቀለሁ ውጪ የሚቀረው 8.94 ሚሊ ሜትር ነው። መቅረጫው የሚመረጠው ይህን ቁጥር ይዞ የንድፍ ሥዕሉን በመመልከት ነው። ሥዕሉን ከነልኩ የማያወጣ የመቅረጫ መዝገብ ለገዢው ግማሽ እውነት ብቻ ይሰጠዋል።

ሁለተኛ፣ የአረሩ ውፍረት ከበርሜሉ ቦይ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር እንዲበልጥ ያስፈልጋል፤ ቢቀጥን ጋዝ ያመልጥና በርሜሉ በእርሳስ ይለወሳል፤ ከመጠን በላይ ቢወፍር ጥይቱ ወደ ቤቱ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከአዲሱ መቅረጫ ጥቂት አረር ብቻ ፈስሶ፣ ባሩድም ተቀጣጣይም በሌለበት ባዶ ቀለህ ይተከል። በርሜሉ ከሽጉጡ ወጥቶ ይህ የውሸት ጥይት በጥይት ቤቱ ይጣል። በራሱ ክብደት ጠልቆ ቢቀመጥ፣ በጣት ሲነካ ቢሽከረከር፣ በርሜሉ ሲገለበጥም ወዲያው ቢወድቅ፣ አራተኛው በር ተከፈተ ማለት ነው። ባይሆን፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ እንደገና መሞከር የሚነካውን ስፍራ ያሳያል፤ ትከሻው ነውን? ጉብታው ነውን? ወይስ ተከፍቶ የቀረው የቀለሁ አፍ? የቀለሁ አፍ ከሆነ ጥፋቱ የመቅረጫው አይደለም፤ አፉ በደንብ ስላልተቆነጠጠ ነው።

አራተኛ፣ እነዚሁ የውሸት ጥይቶች በካዝና ተሞልተው፣ ከሙሉ ካዝናም ከመጨረሻውም ጥይት፣ ተንሸራታቹ ክፍል በሙሉ ኃይሉ እየተለቀቀ ይጉረሱ። ከዚያም ርዝመታቸው እንደገና ይለካ። ያጠረ ካለ፣ ሽጉጡ ቢጎርስም ጥይቱ አልፏል ማለት አይቻልም።

በዚህ መለኪያ ስናየው ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ለ.45፣ አገልግሎቱ የዒላማ ከሆነ ረዥም አፍንጫ ያለው የቁጥር 68 ዓይነት፣ ማንኛውም ካዝናና ማንኛውም ጥፍር ያለው አሮጌ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ከ225 እስከ 230 ግሬን ያለው ባለ ክብ አፍንጫ ይመረጣል። ለ9 ሚሊ ሜትር፣ ቦዩ ቶሎ ለሚጀምርበት በርሜል እንደ ላይማን 356402 ያለ 120 ግሬን የሚሆን አናቱ የተቆረጠ ሾጣጣ ብዙ ጊዜ ይስማማል፤ ሾጣጣው ከቀለሁ አፍ ጀምሮ ወዲያው ስለሚቀጥን ነው። ይህ ግን ፍርድ እንጂ ሕግ አይደለም። የመጨረሻው ዳኛ የዚያው ሽጉጥ በርሜል ነው።

የክብ አፍንጫ ወገኖች፣ ይህ ሁሉ ልኬት ለምን? ክቡን ገዝቶ መገላገል አይሻልምን? ሊሉን ይችላሉ። ለብዙ ሰው፣ በብዙ ሽጉጥ፣ ብዙውን ጊዜ ምክራቸው ይሠራል። ክርክራችን ምክሩ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ለይቶ ስለማይነግረን ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ምክሩ በከዳው ቀን የሚይዘው ነገር የለውም፤ ከመወጣጫው ወደ ሞረድ፣ ከሞረዱ ወደ ሌላ መቅረጫ እየዘለለ ይደክማል። ምክንያቱን ያወቀ ግን ካሊፐሩን ያነሣል።

እንግዲህ መምህራችን ለጠየቁን፣ ክብነት ብቻውን ስንት ተብሎ የሚመለስ ልክ አይደለም እንላለን። መለካት ያለበት ከቀለሁ አፍ እስከ ትከሻው፣ ከትከሻው እስከ አፍንጫው ጫፍ፣ ከቂጡም እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ሽጉጥ ጋር ተነጻጽረው። ሥራውን በእጃቸው የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ከዚህ ጽሑፍ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ልክ ቢያገኙ፣ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን። በዚህ ጊዜ ግን እርማቱ ከቁጥር ጋር ቢመጣልን ደስ ይለናል።